ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፦ ስለ ላቲናዎች፣ ስለ ወሎ ሴቶችና ስለ አመራር ወንበር

በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ የማኔጅመንት አባል በሆንኩበት ሳምንት፣ ከአዲስ አበባ ለመጡ እንግዶች ያስተዋወቁኝ ኃላፊ ከስሜ ቀጥለው የተናገሩት «የወሎ ቆንጆ ናት» የሚለውን ነበር። እንግዶቹ ፈገግ አሉ፤ እኔም እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩ። ሰውየው ክፉ ሐሳብ እንዳልነበራቸው አውቃለሁ፤ ለእንግዳው ጨዋታ፣ ለእኔም ክብር መስሏቸው ነው። ሆኖም ከጎኔ የነበረው የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ «በሙያው ዐሥር ዓመት የቆየ»፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የፋይናንስ ኃላፊ «ሒሳባችንን መልክ ያስያዘልን» እየተባሉ ሲተዋወቁ፣ ስድስት የስፌት መስመር የምመራው እኔ በመልኬ ብቻ ተዋውቄ ማለፌ ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣም። ማታ ወደ ደሴ የሚመለሰው ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ፣ በመስኮቱ የኮምቦልቻን መብራት ቁልቁል እያየሁ ሳለ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ያንኑ ስሜት ከእኔ ቀድማ ኖራበት የነገረችኝ ሴት ናት። የወሎ ሰው አይደለችም፤ አሜሪካዊት ላቲና፣ ማለትም ዘሯ ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ሴት ናት።

ያች ሴት ወደ ኮምቦልቻ የመጣችው በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ የእኛን ምርት የሚገዛ አንድ የአሜሪካ ድርጅት የልብሱን ጥራትና የሠራተኛውን አያያዝ እንድትመለከት የላካት ኃላፊ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ የአንድ መስመር ሱፐርቫይዘር ስለነበርኩ ከእንግዶች ጋር ምሳ የምቀመጥ ሰው አልነበርኩም፤ እሷ ግን በሦስተኛው ቀን ሳህኗን ይዛ ሠራተኛው ወደሚበላበት አዳራሽ መጣችና ከአጠገቤ ተቀመጠች። በኢሜይል ስንጻጻፍ ቆይተን ስለነበር «ሚስ» ብላ የአባቴን ስም ጠራችኝ። የምትጠራው አባቴን እንደሆነ፣ በእኛ አገር ሰው በገዛ ስሙ እንደሚጠራ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣውም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ እንዳልሆነ ሳስረዳት ሹካዋን አስቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ የራሷን ነገረችኝ።

ወላጆቿ ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳስ የተሻገሩ ናቸው። ሜክሲኮዎች የአባትንም የእናትንም የቤተሰብ ስም አጣምረው ይይዛሉ፤ የአሜሪካ ቅጽ ላይ ግን የአንዱ ብቻ ቦታ ስላለ የእናቷ ስም ገና ትምህርት ቤት ስትገባ ቀረ። የመጀመሪያ ስሟን ደግሞ የመጀመሪያ አለቃዋ ለአፉ እንዲቀለው አሳጠረው። በቢዝነስ ካርዷ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታትሞ የኖረው እናቷ ጠርታት የማታውቀው ስም ነበር። በስብሰባ ላይ ከሌላ አገር የመጡ ደንበኞች አስተርጓሚ ናት ብለው እንደሚያስቡ፣ በቁጥር ተደግፋ ስትከራከር በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ «ስሜታዊ» ተብሎ እንደተጻፈባት፣ ያንኑ ክርክር ያቀረበ ወንድ ባልደረባዋ ግን «ቆራጥ» እንደተባለ ነገረችኝ። ወደ ዳይሬክተርነት ባደገች ቀን ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር በቢሮዋ በር ላይ ሙሉ ስሟን፣ የአባቷንም የእናቷንም ጨምራ፣ ማስለጠፍ ነበር። «ወንበሩን ሲሰጡኝ ስሜን አስመለስኩ» አለችኝ። የሂዩስተን ልጅ በመሆኗ ከልጅነቷ ጀምራ ኤለን ኦቾዋን ታውቃለች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር የወጡ የመጀመሪያዋ ላቲና ናቸው። እሷን የበለጠ የነካት ግን የጠፈር ጉዞው ሳይሆን፣ ከ20 ዓመት በኋላ በ2013 ኦቾዋ በገዛ ከተማዋ ያለውን የጆንሰን የጠፈር ማዕከል በኃላፊነት መያዛቸው ነበር። ወደ ሰማይ መውጣት ለአንድ ቀን ያስጨበጭባል፤ ማዕከል መምራት ግን በጀት መመደብ፣ ሰው መቅጠርና በየቀኑ መወሰን ነው አለች።

ሙገሳ ሰውን እንዴት እንደሚያሳንስ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ የሚያመሰግንን ሰው መቃወም ውለታ ቢስ ያስመስላልና። ወሎ በዜማ የታወቀ አገር ነው፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሚጠሩት በእኛው አገር የቦታ ስም ነው። ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ አንገቷ ያልተዘፈነላት የወሎ ሴት የለችም፤ በዚህም እኮራለሁ። የምቸገረው ዘፈኑ ቀድሞኝ ቢሮ ሲገባ ነው። የላቲናዋም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የአሜሪካ ፊልምና ቴሌቪዥን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ላቲናን ወይ ቶሎ የምትቆጣ ውብ፣ ወይ የሰው ቤት የምታጸዳ ሠራተኛ አድርጎ ሲያሳይ ኖሯል። በሁለቱም ሥዕሎች ውስጥ ውል የምትፈርም ሴት የለችም። እኛ ዘንድ ደግሞ «ስሜታዊ» በሚለው ፈንታ ሌላ ቃል አለ። «ደፋር» የሚለው ቃል ለወንድ ሲነገር ምስጋና፣ ለሴት ሲነገር ስድብ የሚሆንበት ቋንቋ እንናገራለን፤ ይህን ያስተዋልኩት እኔው ራሴ ደፋር ከተባልኩ በኋላ ነው። ሌላም ትንሽ የሚመስል ነገር አለ፦ በአገራችን ኮሚቴ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ካለች ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆና የምትመረጠው እሷ ናት። የእጅ ጽሕፈቴ መልካም ነው ተብሎ ሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ፤ የሌሎችን ሐሳብ በጥንቃቄ ስመዘግብ የራሴን ለመናገር እጄን ያላወጣሁባቸው ስብሰባዎች ብዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ደሴ ቤታችን ቡና ላይ ነግሬአት ነበር። «አብሽሪ ልጄ፣ ቆንጆ ናት ማለታቸው ምን ክፋት አለው?» አለችኝ። አቦሉም ቶናውም አለፈ። በረካውን ስትቀዳ ግን ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ፣ «አባትሽን ግን በመልኩ ያስተዋወቀ ሰው አላየሁም» አለች።

«ላቲና» የሚለው ቃል የዘር ሐረጓ ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ ሴትን ያመለክታል፤ አንድ ሕዝብን የሚጠራ ቢመስልም አይደለም። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የሂስፓኒክ ዝርያን ጥያቄ ለነዋሪው ሁሉ ማቅረብ የጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ «ላቲኖ» የሚለው ቃል በቅጹ ላይ የገባው በ2000 ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ በዚህ ስም የተመዘገበው ሕዝብ 62.1 ሚሊዮን፣ ማለትም ከአገሪቱ ነዋሪ 18.7 በመቶ ነበር። በዚህ አንድ ስም ሥር ከሜክሲኮ፣ ከኩባ፣ ከዶሚኒካን፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሰዎች አሉበት፤ በልደታቸው የአሜሪካ ዜጎች የሆኑት ፖርቶ ሪካውያንም አሉበት፤ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ከአውሮፓውያን በፊት በምድሪቱ ከነበረው ሕዝብ የተወለደውም አለበት። እንግዳችን ቤቷ ውስጥ ሜክሲኳዊት ስትሆን ላቲና የሆነችው ቢሮ ስትገባ እንደሆነ ነግራኛለች። ይህን ስትናገር ስለ እኛ የምታወራ ያህል ነበር የተሰማኝ። እኔ ደሴ ውስጥ የአይጠየፍ ሰፈር ልጅ፣ የእናቴ ወገኖች የቃሉ ሰዎች፣ የአባቴ ደግሞ የወረኢሉ ናቸው፤ «ወሎዬ» የሆንኩት አዲስ አበባ ሥልጠና የሄድኩ ቀን ነው። የራሴ ስም የሙስሊም፣ የአያቴ ስም የክርስቲያን በመሆኑም በዚያው ሥልጠና ላይ ስሜን ያነበበ ሁሉ «ለመሆኑ የየቱ ነሽ?» ይለኝ ነበር። ደሴ ላይ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ በየቤቱ ያለ ነገር ነውና።

ስለ አመራሩ የሚነገረው ቁጥር አጭር ነው። የአማካሪው ድርጅት ማኪንዚና ለሴቶች የሚሠራው ሊን ኢን በየዓመቱ በሚያወጡት ጥናት መሠረት በአሜሪካ ኩባንያዎች ከፍተኛ የሥራ አመራር ላይ ያሉት ላቲናዎች 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ከቁጥሩ በላይ ያስተማረኝ ግን የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ጌይሻ ዊሊያምስ ኩባ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የተሰደዱ፣ በኢንጂነርነት በፍሎሪዳ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ባለሙያ ናቸው። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያው ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆኑ፣ ፎርቹን 500 በሚባለው የትልልቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ካሉት አንዱን የመሩ የመጀመሪያዋ ላቲና ተባሉ። በዚያው ዓመት መከር ላይ በሰሜን ካሊፎርኒያ ከባድ ሰደድ እሳት ተነሣ፤ በኅዳር 2018 ደግሞ ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ ያወደመውና 85 ሰዎችን የገደለው እሳት፣ ወደ መቶ ዓመት ከተጠጋ የኩባንያው የማስተላለፊያ መስመር የተነሣ ሆኖ ተገኘ። በጥር 2019 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ኩባንያውም በዚያው ወር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። መሪ የሆነ ሰው በጊዜው ለደረሰው ሁሉ መጠየቅ አለበት፤ 85 ነፍስ የሚያህል ነገር በማንነት የሚሸፈን አይደለም፤ እሳቸውም ከዚህ ውጭ ሊሆኑ አይገባም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ወንድ ሥራ አስፈጻሚ ሲነሣ የሚነሣው ያ ሰው ብቻ ነው፤ አንዲት ብቻ የሆነች ሴት ስትነሣ ግን ቆጠራው አብሮ ይወርዳል፤ «ሞክረናቸው ነበር» የሚባልላቸውም ገና ያልተወለዱት ጭምር ናቸው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ከፖርቶ ሪኮ ወላጆች የተወለዱት ፕሪሲላ አልሞዶቫር የቤት ብድር ዋስትና ድርጅቱን ፋኒ ሜይን ለመምራት ሲሾሙም ዜናው የጀመረው ስለ ቤት ብድር ሳይሆን ላቲና በመሆናቸው ነበር። አንዲት ብቻ መሆን ማለት ስሕተትሽ የወገንሽ ሁሉ ስሕተት ሆኖ የሚቆጠርበት፣ ልፋትሽ ግን የአንቺ ዕድል ተብሎ የሚታለፍበት ቦታ ላይ መቀመጥ ነው። እኔም በማኔጅመንቱ ጠረጴዛ ላይ ያለሁት ሴት አንድ ስለሆንኩ፣ አንድ ኮንቴይነር ልብስ በዘገየ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሣኝ ኮንቴይነሩ ብቻ አይደለም። በየመስመሩ መርፌ ላይ ያሉት ከዐሥር ዘጠኙ ሴቶች መሆናቸውን ሳስብ ደግሞ ይህ ብቸኝነት ይበልጥ ያስገርመኛል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሶንያ ሶቶማዮር፣ የፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ ልጅ፣ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ያደጉና በዘጠኝ ዓመታቸው አባታቸውን ያጡ ሴት ናቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. ባደረጉት አንድ የዩኒቨርሲቲ ንግግር፣ የኑሮ ልምድ ያዳበረች አስተዋይ ላቲና ያን ሕይወት ካልኖረ ሰው ይልቅ የተሻለ ፍርድ ላይ ልትደርስ እንደምትችል ተስፋቸውን ገልጸው ነበር። በ2009 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲታጩ የምክር ቤት አባላት በዚህች ዐረፍተ ነገር ደጋግመው አፋጠጧቸው፤ እሳቸውም ማንም ዘር ከማንም የተሻለ ፍርድ እንደማይሰጥ አስረዱ። ሹመታቸው ጸድቆ የመጀመሪያዋ ላቲና ዳኛ ሆኑ። በጥያቄው ውስጥ አንድ እውነተኛ ነገር አለ፤ ዳኛ በወገኑ ሊፈርድ አይገባምና። ነገር ግን የሰው ኑሮ ዕውቀት መሆኑን እኔ በሥራዬ አይቻለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ ተያያዙ። በዚያው ሳምንት በከሰዓቱ ፈረቃ፣ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የተበላሸ ስፌት በረከተ። ጉዳዩ ለስብሰባ ሲቀርብ ለሱፐርቫይዘሮቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ብዙዎችም ደገፉት። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። የእራት ዕረፍቱ የተያዘው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ መግሪብ ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሴቶቹ አዛን በሰሙ ጊዜ በጉያቸው የያዟትን ቴምር በአንድ እጃቸው እያፈጠሩ፣ በሌላው እጃቸው ጨርቁን በመርፌው ሥር ይገፋሉ። ይህን የማውቀው ከሪፖርት አይደለም፤ ኦፕሬተር ሳለሁ እኔም አድርጌዋለሁና፤ አንድ ጊዜ መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ሸሚዙ ላይ ያረፈውን ደም በምራቄ አጥቤአለሁ። ዕረፍቱ ወደ መግሪብ እንዲመጣ፣ ለሙስሊሟም ለክርስቲያኗም በአንድነት እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ። ክርስቲያኖቹም ጾመኞች ነበሩና ደስ አላቸው። ለአንድ ሳምንት እንሞክረው ተባለ፤ ከሳምንቱ በኋላ ብልሹው ስፌት ወደ ወትሮው ስለወረደ እስከ ዒድ ድረስ በዚያው ቀጠለ። ደብዳቤውም ሳይጻፍ ቀረ። በዚያ ስብሰባ ላይ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ የእኔ እንደሆነ የተሰማኝ፤ ማንነቴን በር ላይ ትቼ ሳይሆን ይዤው ገብቼ ለሥራው ጠቅሞ ስላየሁት ይመስለኛል።

በምኖርበት ሰፈር ያለው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ ማንንም የማይጠየፍ፣ ሁሉ ገብቶ የሚበላበት ማለት ነው። ደሴዎች በዚህ ስም እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባል። ልጅ ሳለሁ አስቤው የማላውቀው፣ አሁን ግን በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር አለ። አዳራሹን ያሠሩት ንጉሥ አስቀድመው መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ፣ በዐፄ ዮሐንስ ፊት ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ ሙስሊም መሳፍንት ክርስትና እንዲነሡ ሲታዘዝ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ማንንም የማይጠየፈውን አዳራሽ የሠራው፣ ግዛቱን ይዞ ለመቆየት ስሙን መለወጥ የነበረበት ሰው ነው። ስለ ልባቸው የማውቀው ነገር የለምና አልፈርድባቸውም፤ ጊዜውም የእኛ ጊዜ አይደለም። ነገር ግን ቢሮዋ በር ላይ የእናቷን ስም ያስመለሰችው የቴክሳሷ ሴትና እኚህ ንጉሥ በአእምሮዬ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ደግሞም ግብር ገብቶ መብላትና ምክር ላይ መቀመጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ድርጅቶች ለሴት የከፈቱት የግብሩን በር ነው፤ በበዓል ቀን አበባ ይሰጣል፤ በማርች 8 ፎቶ ይነሣል፤ በጀት ሲደለደል ግን የምትጠራ የለችም።

እንግዳችን ዳግመኛ ወደ ኮምቦልቻ አልመጣችም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ አገራችን ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ለመሸጥ ከሚያስችለው የአጎዋ ዕድል ስትሰረዝ ድርጅቷ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር አዞረ። የመጨረሻው ኢሜይሏ ስለ ሸሚዝ አልነበረም፤ በመስመሬ የነበሩትን ሴቶች አንድ በአንድ፣ በየገዛ ስማቸው፣ ደኅና መሆናቸውን የጠየቀችበት ነበር። ፋብሪካው እንደገና ሊከፈት ሲል የእያንዳንዷን ሠራተኛ ስልክ ደውዬ ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ፤ የምታርፍበትን ዘመድ፣ የሄደችበትን ገጠር የማውቀው ከጎናቸው ተቀምጬ ስለሰፋሁ ነው።

አሁን የያዝኩት ጉዳይ የስብሰባ ሰዓት ነው። የማኔጅመንት ስብሰባችን የሚጀመረው ማምሻውን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ ሲያልቅም ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቢሆንም በሐረጎ ጭጋግ ሲወርድ ሌሊቱ ይረዝማል። ወንዶቹ ባልደረቦቼ ኮምቦልቻ ያድራሉ ወይም መኪና አላቸው። ለሱፐርቫይዘርነት የበቁ፣ ነገ በእኔ ወንበር መቀመጥ የሚችሉ ሦስት ሴቶች ግን ዕድገቱን እንዳይጠይቁ የሚያደርጋቸው ይህ ሰዓት መሆኑን ነግረውኛል፤ አንዷ የምታጠባ እናት ናት። ጉዳዩን በጽሑፍ አቀረብኩ። ቃለ ጉባኤ መያዝም በየተራ እንዲሆን አብሬ ጠየቅሁ። ሁለቱም ተፈቀዱ። የመጀመሪያው የጠዋት ስብሰባ የፊታችን ማክሰኞ በ3 ሰዓት ነው፤ ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው የፋይናንስ ኃላፊው ነው።